አምፕሊፋየር ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ «ከናኖ ጫፌ (ቮልቴጅ ሲሰጠው ኤሌክትሮን ከሚያወጣው እጅግ ሹል መርፌ) የሚወጣው የኤሌክትሮን ከረንት እንደ ደረጃ ይዘላል፣ አምፕሊፋየሩን (ትንሹን ከረንት የሚያጎላውን ዕቃ) ልቀይር ወይ?» ላልከው፦ አትቀይር። እኔ ቀይሬ ስምንት ወር በልቶብኛል።

1. ጫፉን ንቀልና በቦታው 1 ጊጋ ኦም ሬዚስተር አድርግ። 1 ቮልት ስጠው፣ 1 ናኖ አምፒር ይወጣል። የሚታየው የከረንት መስመር ጸጥ ካለ አምፕሊፋየርህ ደህና ነው። የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት። እኔ ግን እሷን ዘልዬ ግዢ ክፍል ሄድኩ። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ፎርሙን ሦስት ጊዜ መለሰብኝ። «ኖይዝ (ጫጫታ) ካስቸገረህ ጆሮህን ድፈን» ብሎ ቢሮውን በሙሉ አሳቀብኝ። ዕቃው በስንት መከራ መጣ፣ ገጠምኩት። ከረንቱ እንደ ድሮው ይዘላል።

2. ቫኪዩምህን እይ። ያንተም የቱንግስተን ጫፍ ነው ብዬ ልያዝ። እኔ ቸኩዬ ቻምበሩን (ጫፉ ያለበትን ባዶ ዕቃ) ቤክ ሳላደርግ፣ ማለትም አሙቄ የተጣበቀውን ጋዝ ሳላስወጣ ነበር የጀመርኩት፣ 10⁻⁷ ቶር (ቶር የግፊት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጋዙም ያንሳል) ይበቃኛል ብዬ። አልበቃም! የነካው ሁሉ ከተጣበቀ፣ እዚያ ላይ ጫፉ በ10 ሰከንድ ገደማ በጋዝ ይለበሳል። 10⁻¹⁰ ላይ ግን ሦስት ሰዓት ያህል ፋታ ታገኛለህ።

የገባኝም በአጋጣሚ ነው። አንድ ማታ መብራት አጥፍቼ ፎስፈር ስክሪኑ (ከጫፉ የወጣ ኤሌክትሮን ሲመታው የሚያበራው ሰሌዳ) ላይ አፈጠጥኩ። አንዲት ነጥብ ቦግ ትላለች፣ ሁለት ሰከንድ ትቆያለች፣ ድርግም ትላለች። ስትበራ ከረንቱ ከ1 ወደ 1.4 ናኖ አምፒር ይወጣል፣ ስትጠፋ ይመለሳል። ለካ ጫፉ ላይ የሚያርፍና የሚነሳ ሞለኪውል ነው! ኤሌክትሮኑ ከጫፉ ለመውጣት ሾልኮ የሚያልፍበት የኃይል ግድግዳ በትንሹ ሲነካ ከረንቱ በብዙ ይለወጣል።

ሁለት ቀን በ150 ዲግሪ ቤክ አደረግኩት። ከዚያ ጫፉን ለአፍታ ከረንት ሰድጄ አጋልኩት። (ከመጠን በላይ ካጋልከው ይዶለዱማል። እኔ ሁለት ጫፍ ገድዬ ነው የተማርኩት።) መስመሩ እንደ ክር ቀጥ አለ፤ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

3. ሾት ኖይዝ የሚባለውን የከረንት መንቀጥቀጥ ግን ቤክ አያጠፋውም። ኤሌክትሮን አንድ በአንድ ስለሚወጣ የሚመጣ ነው፣ የጀርመኑ ፊዚሲስት ሾትኪ በ1918 (እ.ኤ.አ.) ያሳየው። በ1 ናኖ አምፒርና በ1 ኪሎ ኸርዝ ባንድዊድዝ (የምትለካው የድግግሞሽ ስፋት) ግማሽ ፒኮ አምፒር ገደማ ነው። የእኔ ዝላይ 400 ፒኮ አምፒር ነበር! ይህን ቀድሜ ወረቀት ላይ አስልቼ ቢሆን የዚያን የግዢ ኃላፊ ፊት አላይም ነበር።

አሁንም የሚሠራልኝ አሮጌው አምፕሊፋየር ነው። አዲሱ ካርቶኑ ውስጥ አለ።