መዘውሩ በግራ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ሠዓሊ ከዚራ ያለችው መሥሪያዬ መጥታ፣ “ጋሼ፣ ያላለቀ ሥራ ለሰው ማሳየት ነውር ነው እንዴ?” ብላ ጠየቀችኝ። ሥራዋን ከንድፉ ጀምራ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፍ፣ አንድ በዕድሜ የሚበልጣት ሠዓሊ “እንጀራው ሳይበስል አክንባሎ አይነሳም” ብሎ ገሥጿታል። ቡናዋን ጠጥታ እስክትሄድ ድረስ ወሬ እያዞርኩ መልስ ሳልሰጣት ቀረሁ። ጥያቄዋ የሐረሩን ልብስ ሰፊ አስታውሶኝ አንደበቴን ያዘኝ። አሁን ለእሷም፣ እንደ እሷ ለምትጠይቁም ልጻፍላችሁ።

ዘመኑ 1986 ነው። እዚህ ድሬዳዋ ታፔላ እጽፍ ነበር፤ የሻይ ቤት፣ የጋራዥ፣ የፀጉር ቤት። አንድ ባለ ሆቴል ታፔላውን ከጻፍኩለት በኋላ፣ “ለአዳራሼ ሐረርን የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ሥራልኝ” አለኝ። በ800 ብር ተስማማን፤ 300 ብር ቀብድ ቆጥሮ ሰጠኝ። ሰው ሁሉ የጀጎልን በር ስለሚሥል እኔ መኪና ግርግርን መረጥኩ። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ነው፤ ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የስፌት መኪኖች ድምፅ ነው።

በፔጆ ታክሲ ደንገጎን ወጥቼ ሄድኩ። ያኔ አለማያ ሐይቅ ነበረ፤ በመስኮት እያየሁት አለፍኩ። አንድ ቀን ወርጄ እሥለዋለሁ እያልኩ ስመላለስ ሐይቁ ደረቀ። ይሄ ሌላ ጸጸት ነው፣ ይቆየን።

ሐጂ እያልን የምንጠራቸው ልብስ ሰፊ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው የሴት ቀሚስ ይሰፉ ነበር። መኪናቸው ጥቁር ሲንጀር ነው፤ ከማርጀቱ የተነሳ በወርቅ ቀለም የተጻፈው ስሙ ተፍቆ ጠፍቷል። ጣታቸው ላይ የብረት መከላከያ አለ፤ ክሩን ሲበጥሱ በጥርሳቸው ነው። “ልሣልዎት?” ስላቸው ሳቁ፤ “ሣለኝ፣ ግን ከምላሴ ጋር” አሉኝ። ሁለት ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ነደፍኩ፤ ከዚያም በተዋስኩት ካሜራ ፎቶ አንስቼ ተመለስኩ።

ሥዕሉን የሠራሁት ከፎቶው ነው። አቡጀዲ ወጥሬ፣ በሙጫና በኖራ ደልድዬ፣ ሌሊት ሌሊት በኩራዝም በአምፖልም። አምስት ወር ፈጀብኝ። በዚያ መሀል ሐረር አራት ጊዜ ወጥቻለሁ። ሐጂ ባዩኝ ቁጥር “የታለሁ እኔ?” ይሉኛል። እኔም በየጊዜው “ሲያልቅ ያዩታል” እላለሁ። አንድ ጊዜማ ለገበያ ድሬ ወርደው ቤቴ ድረስ መጡ። ሸራውን አንሶላ አልብሼ፣ ሻይ አጠጥቼ፣ ሳላሳያቸው ሸኘኋቸው። ያላለቀ ሥራ የሚያሳይ ሰው በራሱ የማይተማመን ይመስለኝ ነበር።

አልቆ ሆቴሉ አዳራሽ የተሰቀለ ዕለት ጋበዝኳቸው። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው መጡ። ባለ ሆቴሉ አለ፣ እንግዶች አሉ። ሐጂ ቀረብ ብለው ፊታቸውን አዩ፣ ፈገግ አሉ። ወደ እጃቸው ወረዱ። ከዚያ ጣታቸውን ዘርግተው፣ “ልጄ፣ መዘውሩ ለምን በግራ ሆነ?” አሉኝ።

የስፌት መኪና መዘውር በሰፊው ቀኝ በኩል ነው። ሕፃን ያውቀዋል። ፎቶ ቤቱ ፊልሙን ገልብጦ አጥቦት ኖሯል፤ የመኪናው ጽሑፍ ቢኖርበት ኖሮ ወዲያው ይያዝ ነበር። እኔም ሁለት ቀን በዓይኔ ያየሁትን ትቼ ወረቀቱን አምኜ ነበር። መዘውሩ ብቻ አይደለም፤ መከላከያው ጣት ተቀይሯል፣ በሩ በማዶ ሆኗል። አምስት ወር ሙሉ ሐጂ በአንድ ዓይን እይታ ሊነግሩኝ የሚችሉትን ነገር ነው አንሶላ ያለበስኩት።

ይሄ ስህተት ነው፤ ስህተት ይታረማል። ጸጸቴ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ጊዜ፣ “ሆን ብዬ ነው ሐጂ፤ ጥበብ እንደዚህ ነው” አልኳቸው። አየት አደረጉኝና ቀስ ብለው፣ “እሺ፣ አንተ ታውቃለህ” አሉ። ከዚያ በኋላ ሱቃቸው በር ባለፍኩ ቁጥር ሰላምታቸው አልጎደለም፤ “የታለሁ እኔ?” ማለት ግን ቀረ። ሆቴሉ የሚገቡ ልብስ ሰፊዎች ሥዕሉ ሥር ቆመው ሲሳሳቁ አይቻለሁ። አንድ ሳምንት ብለምን ባለ ሆቴሉ አውርዶ ይሰጠኝ ነበር፤ ኩራቴ አላስለመነኝም። ኋላ ሆቴሉ ተሸጠ፣ ሥዕሉም የት እንደገባ አላውቅም። ፎቶውን እንኳ አላስቀረሁም። ሐጂም አሁን የሉም።

እና የኔ ልጅ፣ ነውር አይደለም። አሳዪ። ግን ለማን? እዚህ ላይ ከእናንተ ዘመን ጋር አልስማማም። የዛሬ ልጆች ከመሣል ይልቅ ስትሥሉ መቀረጽ ትወዳላችሁ። ብሩሹ ሸራውን ሳይነካ ስልኩ ይወጠራል፣ ሙዚቃ ይገባበታል፣ ሁለት ሺህ ሰው ልብ ይልክና ከሁለት ሺው አንዱ እንኳ መዘውሩ በግራ መሆኑን አይነግርሽም። አንድ ልብስ ሰፊ ይበልጣል። የቀፊራን ሻጭ ከሣልሽ ለቀፊራ ሻጭ አሳዪ። ደግሞ በዚያው ቻናል ሦስት ሥዕል እንደሸጥሽ ነግረሽኛል፤ እኔ በዚያ ዕድሜዬ በዓመት ሦስት አልሸጥኩም። ስለዚህ ምላሴን ልሰብስብ።

ስለ ሽያጭ የምለው ጥቂት ነው። ቀብድ መቀበልን ማንም ያውቀዋል። የማይታወቀው ይሄ ነው፤ ሸራውን ስትሸጪ የቅጂ መብቱን አብረሽ አልሸጥሽም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ በሕይወት ዘመንሽና ከሞትሽ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ገዢው በካላንደር ላይ ላትመው ካለ ለብቻው ተነጋግሮ፣ በጽሑፍ ተፈራርሞ ነው። ከመሸኘትሽ በፊት በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺው፤ ከጀርባው ስምሽን፣ ዓመቱንና ልኩን ጻፊ። አዲስ አበባ ስትልኪ ቀለም ያለበትን ገጽ ወደ ውጭ አድርገሽ ጠቅልዪው፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ተጨማዶ ይሰነጠቃል። በድሬ ሙቀት አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንዳታስጭኚው።

ቀለም ተወደደ ያልሽው እውነት ነው፣ እኔም እየተበደርኩ ነው የምገዛው። ከከተማችን በስተደቡብ ባለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ግን ሰዎች ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ቀይ አፈር ይፈጩ ነበር፤ መፍጫ ድንጋዮቹ ተገኝተዋል። አንድ ቀን ሄደን ያንን ዋሻ እናያለን፣ ጉልበቴ ከፈቀደ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ዕለት ስትወጪ በሩ አጠገብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የቆመውን ሸራ አይተሽ፣ “ያ ምንድን ነው ጋሼ?” ብለሽኝ ነበር። ለገሃር አካባቢ የሚኖሩ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። እሳቸውም አላዩት፣ ባለቤቴም አላየችው። ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ፤ “ገና ነው” ነው ያልኩሽ።