ሳህኑን ቶሎ አትጣሉት

ይድረስ ማይክሮባዮሎጂ ለምትማሩ ልጆቼ፣

እኛ አገር «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ሰው ማግኘት ይከብዳል። በርበሬው ይወቀሳል፤ ቡናው፣ ንዴቱም እንዲሁ። ቀደም ሲል ሐኪሞችም የጨጓራ ቁስለትን ያመጣው ጭንቀትና የአሲድ ብዛት ነው ይሉ ነበር፤ በዚያ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1979 ግን በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ ሐኪሙ ሮቢን ዋረን ከጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠምዘዝ ያሉ ባክቴሪያዎች አየ። በኋላ ሌላው ሐኪም ባሪ ማርሻል ተቀላቀለው። ባክቴሪያውን ሳህን ላይ፣ ማለትም ባክቴሪያ በሚበቅልበት የላቦራቶሪ ሳህን ላይ፣ ለማብቀል ደጋግመው ቢሞክሩም እምቢ አላቸው። ለካ ሳህኖቹ በሁለት ቀን ይጣሉ ነበር! በ1982 የፋሲካ በዓል ሳህኖቹ ሳይነኩ ኢንኩቤተር በሚባለው ሙቀቱ የተጠበቀ ሳጥን ውስጥ ሰነበቱ፤ ከበዓል ሲመለሱ ባክቴሪያው በቅሎ ጠበቃቸው። ዕድል ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ዋረን ያየውን ሳይተው ዓመታት ባይቆይ ኖሮ ያ ሳህን ማንም የማይፈልገው ሳህን ነበር። በወጣትነቴ «ምንም አልበቀለም» ብዬ መዝግቤ የጣልኳቸው ሳህኖች ዛሬም ይቆጩኛል።

ይህ ባክቴሪያ፣ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ አሲዱን የሚቋቋምበት መንገድ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ዩሬዝ በሚባል ኢንዛይም ዩሪያን ወደ አሞኒያ ይለውጥና በዙሪያው ያለውን አሲድ ያረግባል። ከዚያ በጭራው እየቀዘፈ የጨጓራው ግድግዳ የተሸፈነበት ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። ሰውነታችን ተከላካይ ሴሎቹን ያዘምትበታል፤ ጠራርጎ ግን አያስወጣውም። ያ ያላባራ ውጊያ ነው ግድግዳውን ለዓመታት የሚያስቆጣው፤ አንዳንዴም የሚያቆስለው። ስለዚህ ጉዳቱ የባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን የራሳችን መከላከያም እጅ አለበት። ባክቴሪያውን ከተሸከሙት ሰዎች አብዛኞቹ ደግሞ ሕመም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ዕድሜዬን የሰጠሁት ለዚህ ጥያቄ ነው፦ ያው ባክቴሪያ አንዱን አሳምሞ ሌላውን ለምን ይተወዋል? ሳህኑን ብቻ ያየ ሰው የነገሩን ግማሽ ነው የሚያየው።

ማርሻል ባክቴሪያው እንደሚያሳምም ለማሳየት በ1984 ራሱ ጠጥቶት ጨጓራው ተቆጣ፤ በ2005 ከዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ድፍረቱን አከብራለሁ፤ እናንተ ግን እንዳትሞክሩት።

ይልቅ ከላቦራቶሪ ወጣ ብላችሁ ናሙና የሰጣችሁን ሰው አነጋግሩት። ሕመሙ መቼ እንደጀመረው፣ ቤት ውስጥ ሌላ ታማሚ እንዳለ፣ በተለይም ሰሞኑን አንቲባዮቲክ ወስዶ እንደሆነ ጠይቁት። ወስዶ ከነበረ፣ ባክቴሪያው ጨጓራው ውስጥ እያለም ሳህኑ ባዶ ሊሆን ይችላል።