«ትልቁ» ለምን ትንሽ፣ «ትንሹ» ለምን ትልቅ ሆነ?

ጥያቄ፦ ልጄን ሒሳብ ሳስጠና ግራ ገባኝ። የ60 እና የ84 «ትልቁ የጋራ አካፋይ» 12 ነው። «ትንሹ የጋራ ብዜት» ደግሞ 420። ስያሜው ተገላብጦ ይሆን?

መልስ፦ አልተገላበጠም። ጥያቄዎ ግን በጣም ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ተማሪ እዚችው ላይ ነው የሚደናቀፈው።

ነገሩ ያለው «ትንሹ» ጫፍ ላይ ባለችው «ኡ» ነው። «ትንሽ ብዜት» ቢባል ኖሮ ቅሬታዎ ልክ ነበር። «ትንሹ» ግን ከመሰሎቹ መካከል አንዱን ይመርጣል። «ትንሹ ወንድሜ» የምንለው ሰው እኮ የ50 ዓመት ጎልማሳ ሊሆን ይችላል! ትንሽነቱ ከወንድሞቹ አንጻር ነው። 420ም እንደዚያው ነው። የጋራ ብዜቶቹ 420፣ 840፣ 1260 እያሉ ማለቂያ የላቸውም፤ ከእነሱ ውስጥ ትንሹ 420 ነው። የጋራ አካፋዮቹ ደግሞ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና 12 ብቻ ናቸው። ትልቁ 12።

ቃላቱ ራሳቸውም ይናገራሉ። «ውጤት» ከወጣ፣ «ስሜት» ከሰማ እንደመጣ ሁሉ «ብዜት» የመጣው ከበዛ ነው። የበዛ ነገር ከመነሻው አያንስም። አካፋይ ደግሞ ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ስለሆነ ከቁጥሩ አይበልጥም።

ለልጅዎ በብቸኛ ቁጥሮች ተንትነው ቢያሳዩት ይበልጥ ይገባዋል። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 በላይ ሆኖ ለ1 እና ለራሱ ብቻ ያለ ቀሪ የሚካፈል ነው።

60 = 2 × 2 × 3 × 5
84 = 2 × 2 × 3 × 7

«የጋራ» የሚለውን ቃል እዚህ በዓይን ማየት ይቻላል። ሁለቱም ቤት ያሉት 2፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ሲባዙ 12። ብዜቱ ግን ሁለቱንም ቁጥሮች መያዝ አለበት። ስለዚህ የጋራዎቹን አንድ ጊዜ ብቻ ወስደን የ60ን 5 እና የ84ን 7 እንጨምራለን፦ 2 × 2 × 3 × 5 × 7 = 420። የጋራዎቹን ሁለቴ ከወሰድን 5040 ይመጣል። እሱም የጋራ ብዜት ነው፤ ትንሹ ግን አይደለም።

ሳልጠቅሳት ማለፍ የማልፈልጋት አንዲት ቃል አለች፤ «ተካፋይ»። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ተካፋይ ማለት ድርሻ የሚደርሰው ሰው ነው፤ «የደስታችን ተካፋይ» እንላለን። በሒሳብ ግን ተካፋይ የሚከፋፈለው ቁጥር ነው። 60 ለ12 ሲካፈል ተካፋዩ 60፣ አካፋዩ 12 ነው። ልጅዎ ሁለቱን ካቀያየረ ሒሳቡ ስላልገባው ላይሆን ይችላል። ቤት ውስጥ የሚሰማውን ትርጉም ይዞ ሄዶ ይሆናል። «ማን ነው የሚካፈለው?» ብለው ይጠይቁት።