ቻይኖቹ ለበዓል ጠርተውናል፣ ምን እንብላ ምንስ ይዘን እንሂድ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪያል ፓርክ ውስጥ ነው የምሰራው። የላይናችን ሱፐርቫይዘር ቻይናዊት ናት፣ ወላሂ ጥሩ ሰው ናት፣ እና ለአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ ማታ እቤቷ እራት ኑ ብላ እኔንና አንድ የስራ ጓደኛዬን ጠራችን። እኔ ሙስሊም ነኝ ጓደኛዬ ደሞ ኦርቶዶክስ፣ ቀኑን ስናየው ለካ ሁዳዴ የሚገባበት ሰኞ ነው። ብንቀር ትቀየማለች፣ ብንሄድ ምን እንበላለን? ምንስ ይዘን እንሂድ? ብር የሚያደርጉበትን ቀይ ፖስታ ከሰጡንስ እኛም መስጠት አለብን? (ፋ. ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሂዱ። ወሎ ላይ ሰርግ ሲደገስ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ለየብቻ እየታረደ ሲበላ እያየ ያደገ ሰው በዚህ አይጨነቅም። ብቻ እዛ ደርሳችሁ ሰሀን ፊት እንዳትሽኮረመሙ፣ ቀደም ብለሽ ንገሪያት። አሳማ አልበላም ብትያት አይገርማትም፣ ቻይና ውስጥ ራሱ ሁዊ የሚባሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሙስሊሞች አሉ። ማስረዳት የሚፈልገው የጓደኛሽ ነው፣ ስጋም ወተትም እንቁላልም ቅቤም የለም ስትያት ግራ ሊገባት ይችላል፣ ግን ቶፉ አለ (ከአኩሪ አተር ነው የሚሰራው)፣ ጎመን አለ፣ ሩዝ አለ፣ በዘይት ይሁን በሏት በቃ። አሳ በሁዳዴ ይበላል አይበላም የሚለውን ጭቅጭቅ እኔ አልገባበትም፣ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

ዋናው ጥንቃቄ ጂያኦዚ ላይ ነው። ስስ ሊጥ ውስጥ ተጠቅልሎ በውሃ የሚቀቀል ነገር ነው፣ በተለይ የሰሜን ቻይና ሰዎች ያለሱ በዓል የለም፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስጋና ጥቅል ጎመን ነው፣ የአትክልቱም የስጋውም ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው፣ ደሞ አንድ ድስት ውስጥ ነው የሚቀቀለው። ስለዚህ የእናንተ ለብቻ ካልተሰራ ይለፋችሁ። አሳው ሙሉውን ከነጭንቅላቱ ይቀርባል፣ ቢተርፍ አትገረሙ፣ ጥጋብ ለከርሞ እንዲሻገር ብለው ሆን ብለው ያስተርፉታል። ሴትዮዋ በራሷ እጅ እያነሳች ሳህንሽ ላይ ከጨመረችልሽ እንደ ጉርሻ ቁጠሪው፣ ሳህኑን ባዶ ባደረግሽው ቁጥር ደሞ ትሞላዋለች። በእንጨቶቹ መብላት ካቃተሽ ማንኪያ ጠይቂ ነውር የለውም፣ ሩዝ ላይ ቀጥ አድርገሽ መትከል ግን አይሆንም፣ ለሙት የሚጨስ እጣን ይመስላል። ጋንበይ (እንደኛ ለጤናችን ማለት ነው) ብለው ብርጭቆ ሲያነሱ በሻይም ይሆናል።

ሰዓቱንም እወቁት፣ ቤጂንግ ከኛ 5 ሰዓት ስለሚቀድም የነሱ እኩለ ሌሊት ለኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ያኔ ሁሉም ስልኩን ይዞ ዊቻት (ቻይኖቹ የሚደዋወሉበት የስልክ መተግበሪያ) ላይ ከእናት ከአባቱ ጋር ይጮሃል፣ ረሱን ብላችሁ እንዳትከፉ፣ ያ እራት ዘመድ የሚሰበሰብበት ሆኖ ሳለ እነሱ ኮምቦልቻ ናቸው እኮ!

ስጦታ ብርቱካን ወይ ቡና ያዙ፣ ቀይ ማሸጊያ ይሁን፣ ነጭና ጥቁር የሀዘን ነው። ሰዓት አይሰጥም፣ ቢላም አይሰጥም። ብርቱካኑን በጥንድ ቁጠሩት ግን 4 አይሁን፣ 4 አይወዱም። ፖስታ ከሰጡሽ በሁለት እጅ ተቀበዪ፣ እዛው ፊታቸው አትክፈቺው፣ ትልቅ ለትንሽ አለቃም ለሰራተኛ የሚሰጠው ስለሆነ መልስ አይጠበቅብሽም።

ረመዳን ደሞ ጨረቃ ከታየች ረቡዕ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ላንቺ እራቱ ከጾሙ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ ቻይኖች ቤት ጽዳት እሰራለሁ። አምና በበዓላቸው ቀን መጥረጊያ ሳነሳ እመቤቲቱ ቀማችኝ፣ ምን አጠፋሁ? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ምንም። ቤቱ የሚጸዳው ከበዓሉ በፊት ነው፣ በመጀመሪያው ቀን መጥረግ የገባውን እድል ጠርጎ ማውጣት ነው ብለው ያምናሉ። ዘንድሮ በዓሉ የካቲት 10 ማክሰኞ ነው የሚውለው፣ እሁድና ሰኞ ጥረጊና ማክሰኞ ፈቃድ ጠይቂያት፣ ደስ ብሏት ትሰጥሻለች።