ፊቷ ለተመታ ፔጆ 404፦ መጀመሪያ አስለካት
ሰላም ወንድሜ። የአባትህ 404 ሐረር ሸዋ በር ጋ በአይሱዙ ተገጭታ ግራ ፓራፋንጎና ኮፈኗ ተጨማዷል፣ ባትላሜው (ላሜራ ቀጥቃጩ) ደሞ በአምስት ቀን እጨርሳታለሁ ብሎኛል ልስጠው ወይ ብለሃል። አቦ እንዳትሰጠው! ቢያንስ ሳትለካ አትስጠው።

እኔ ድሬ ነው ያለሁት፣ የኔም የአባቴ ናት፣ ከስድስት አመት በፊት ድሬና ሐረር መሃል ያለው ደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ በጉም ውስጥ ተገጭታብኝ ነበር። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ በሳምንት አስረከበኝ፣ ስታያት ሙሽራ ነበር የምትመስለው። ወደ ሐረማያ ይዣት ስወጣ ግን መሪውን ትንሽ ላላ ካደረግኩት ወደ ግራ ትስባለች። ቤት ገብቼ ፓራፋንጎው ላይ ማግኔት ባስጠጋ አልይዝ አለኝ፣ ሁሉም ስቱኮ (የመሙያ ማጣበቂያ)! ላሜራውን ሳያወጡት ሞልተው ቀብተውት ነው። እውነት እልሃለሁ እንባዬ ነው የመጣው።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ 404 እንደ ላንድክሩዘር ለብቻው ቻሲ (ቦዲው የሚቀመጥበት የብረት አጥንት) የላትም፣ ቦዲዋ ራሱ ነው ቻሲዋ። ስለዚህ ውጪ የምታየው ጭምድድ ትንሹ ነው፣ ምቱ ወደ ውስጥ ገብቶ የፊት ሞላው ከላይ የሚታሰርበትን ላሜራ ትንሽ ካጠፈው ውጪውን እንደ መስታወት ብታሳምረውም ቀጥ ብላ አትሄድም፣ ጎማም በአንድ ጎን ትበላለች።

በኋላ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር አካባቢ፣ ድሮ ምድር ባቡር ወርክሾፕ የሰሩ አንድ ሽማግሌ ጋ ወሰድኳት። መዶሻ ሳያነሱ አንድ ሙሉ ቀን ሲለኩ ዋሉ። ከስር ግራና ቀኝ አንድ አይነት የሆኑ ቀዳዳዎች መርጠው ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ፣ ከዛ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ በሜትር ለኩ፣ ሁለቱ እኩል መሆን ሲገባቸው የኔ 17 ሚሊ ተለያየ። ከዛ በሰንሰለትና በክሪክ ትንሽ ይስባሉ፣ ይለቃሉ፣ ይለካሉ፣ እንደገና ይስባሉ፣ ብረት ስትለቀው ትንሽ ስለሚመለስ ነው። ሶስት ሳምንት ፈጀ፣ ግን ዛሬ በአንድ እጄ ነው የምነዳት።

ቬንትሌተሩንም (የራዲያተሩን ማራገቢያ) አሳይ። የ404 ሁሌ የሚዞር አይደለም፣ ሞተሩ ሲሞቅ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያያዝ ነው፣ ራዲያተሩ ተገፍቶ ከነካው ከተማ ውስጥ ላይታወቅህ ይችላል፣ ደንገጎ ዳገት ላይ ነው የምታፈላው።

ፓራፋንጎው አልመለስ ካለ አዲስ ፍለጋ አትድከም፣ የቤት መኪናዋ ፈረንሳይ ውስጥ መመረት ያቆመችው በ1975 እኤአ ነው። ሐረር ግን የ404 ታክሲ አገር አይደል፣ የድሮ ሹፌሮችን ጠይቅ፣ የቆመች መኪና የት ግቢ እንዳለች ያውቃሉ። ከመኪናህ የሚነቀለውን ኒኬልና መብራት ሁሉ ደሞ ፌስታል ውስጥ አድርገህ ቤትህ ውሰድ፣ ጋራዥ ከተውከው ይጠፋል።

ቀለሙን ከኋላ ወንበር ስር ካለው ፀሐይ ካልነካው ጋርም ከውጪው ጋርም አስተያዩት፣ የውጪው ደብዝዟልና። ድሬ ካስቀባህ በጠዋት ይሁን፣ በቀትር ሙቀት ሳይተኛ ይደርቅና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል።

የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ሳትይዝና ፎቶ ሳታነሳ ግን አንድ ብሎን እንዳታስፈታ። አይሱዙው ጥፋተኛ ከተባለ በሱ የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ትጠይቃለህ፣ የኢንሹራንሱ ገማች አሮጌ መኪና ናት ብሎ ዋጋ ሊጥልብህ ይችላል፣ ከአደጋው በፊት የተነሳችው ፎቶ ካለ ፈልግ።

እሁድ ሐረር ነኝ፣ ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ሜትር ይዤ መጥቼ አብረን እንለካታለን።