ፓራፋንጎውን ራሴ ብሠራውስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው አዳማ ነው። ነጭ ቶዮታ ቪትዝ አለኝ። የፊት ቀኝ ፓራፋንጎው (ጎማውን የሚሸፍነው ቆርቆሮ) ተገጭቶ ጎድጉዷል፤ ከጎማው በላይም ዝገት ጀምሮታል። ባትላሜራ (ቆርቆሮ ማቃናት) እና ቀለም ራሴ መልመድ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? ቀለሙንስ ግቢዬ ውስጥ ብረጨው ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባትላሜራውን ትችለዋለህ። መኪናህ ነጭ መሆኑም በጅቶሃል። ከመኪናው ላይ የፋብሪካውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ፈልግ፤ «ሲ/ቲአር» (C/TR) ከሚለው አጠገብ የቀለሙ ቁጥር አለ፤ 040 ከሆነ ተራው ነጭ ነው። እንደ 1ኤፍ7 (1F7) ያለ ሲልቨር ቢሆን ኖሮ ቅር እያለኝም ተው እልህ ነበር። ሜታሊክ (የሚያብለጨልጭ ብናኝ ያለው ቀለም) እጅ ሲፈጥንና ሲዘገይ ወዲያው ዥንጉርጉር ይላል።

ቀለሙን ግን ለጊዜው እርሳው። ዋናው ሥራ ከሥሩ ነው። ከጋራዥ የተጣለ ፓራፋንጎ ገዝተህ በእሱ ተለማመድ። ከውስጥ ወፍራም ብረት ደግፍና፣ ከውጭ በጉድጓዱ ዙሪያ ያበጠውን ዳር በመዶሻ በስሱ መልስ። መሃሉ ቀስ በቀስ ይነሳል። መሃሉን ደጋግመህ ከደበደብከው ግን ቆርቆሮው ይለጠጥና ስትጫነው እንደ ዘይት ጣሳ ቋ ቋ ይላል።

ዝገቱን ነጭ ብረት እስኪወጣ ፋቀው። ዝገት ላይ የተለጠፈ ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያው ልጥፍ) ክረምት ሲመጣ ያብጣል።

ለስቱኮው ማድረቂያ ከክብደቱ 2 ከመቶ ገደማ ይበቃዋል። ካበዛኸው እጅህ ላይ ይደርቃል፤ ነጭ ቀለም ላይ ደግሞ ቢጫ እድፍ ሊያወጣብህ ይችላል። ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ካለፈ ወደ መዶሻው ተመለስ፣ ቆርቆሮው ገና አልቃናም። ስቱኮን በውሃ የሚፈገፍጉ አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ ውሃውን ይመጠዋል። ደረቁን በ80 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጣውላ ላይ ጠቅልለህ ፈግፍገው። ከዚያ በመዳፍህና በብረቱ መሃል ስስ ጨርቅ አድርግ፤ ዓይንህን ጨፍን፤ ከጤነኛው ቦታ ጀምረህ ወደ ተሠራው አንሸራትት። ዓይን ያላየውን ጉብታ መዳፍ ያገኘዋል። ይህን ስሜት ከለመድክ ሙያው ገባህ ማለት ነው።

ፕራይመሩን (ከቀለም በፊት የሚረጨውን መነሻ) ማድረቂያ የማይጨመርበትን፣ ተጭነው የሚረጩትን የጣሳውን ተጠቀም። የአዳማ ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ፣ መሬቱን ውሃ አርከፍክፈህ እርጨው። የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርግ። ሲደርቅ ጥቁር ቀለም ከሩቅ እፍ አድርግበትና በስሱ ፈግፍግ። ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ገና ጎድጓዳ ነው።

የመጨረሻውን ቀለም በተመለከተ አልደራደርም። ማድረቂያ የሚጨመርበትን ቀለምም ሆነ ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚረጨውን አንጸባራቂ) ግቢህ ውስጥ አትርጭ። ማድረቂያው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለው፤ አስም ያስይዛል። አንዴ ሰውነት ከተቆጣ በኋላ ትንሿም ትነት ትቀሰቅሰዋለች። የአፍና የአፍንጫ ጨርቅ አያስጥልም፤ ጎረቤትና ልጆችም አሉ። ፓራፋንጎው በብሎን የተያዘ ስለሆነ ፈትተህ፣ ፕራይመሩን ጨርሰህ፣ የመርጫ ክፍል ላለው ቀለም ቀቢ ውሰድለት። ዋጋ ስትነጋገሩ ዝግጅቱን ራስህ እንደጨረስክ ንገረው።