በጾም ሆድ ለምን ይነፋል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጾም በገባ ቁጥር ሽሮና ባቄላ ስበላ ሆዴ ይወጠራል። ጨጓራ ይሆን?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይደለም። ጥራጥሬ ውስጥ ራፊኖዝና ስታኪዮዝ የሚባሉ ስኳሮች አሉ፤ የሰው አንጀት እነዚህን የሚፈጭ ኢንዛይም የለውም። ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያ ያብላላቸዋል፣ ጋዙም ይፈጠራል። ከበሉ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ከእምብርት በታች የሚነፋዎት ከሆነ ጥራጥሬውን ይጠርጥሩ። ገና ጥቂት እንደ ጎረሱ ከደረት በታች የሚወጥርና የሚያቃጥል ከሆነ ግን ጨጓራዎን ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ባቄላ ልተው?

መልስ፦ አይተዉ፣ አሠራሩን ይለውጡ። ከማታ እስከ ጠዋት፣ 12 ሰዓት ያህል ይዘፍዝፉት፤ ውሃውን ደፍተው በአዲስ ውሃ ይቀቅሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዘፈዘፈበት ውሃ ሲቀቅል ነው፤ የሟሟው ስኳር ያለው እዚያው ውሃ ውስጥ ነዋ! ከሁሉ የሚሻለው በቆልት ነው። የተዘፈዘፈውን አንጠፍጥፈው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው 2 ወይም 3 ቀን ያቆዩት፤ እንዳይገማ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ይለቅልቁት። ነጩ ጭራ ብቅ ሲል ዘሩ ራሱ ለማደግ ብሎ ስኳሩን እየተጠቀመበት ነው።

ሽሮው ላይ ደግሞ ሽንኩርቱን አይርሱ። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ፍሩክታን የሚባል የማይፈጭ የስኳር ዓይነት አላቸው፣ እሱም ሆድ ይነፋል። ለ2 ሳምንት ቀንሰው ይሞክሩት። ፍሩክታን በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም፤ ስለዚህ የነጭ ሽንኩርቱን ፍሬ በዘይት ጠብሰው ውሃ ሳይገባ ቢያወጡት ጣዕሙ ብቻ ይቀራል።

ጥያቄ፦ አምቦ ውሃ ስጠጣ አገሳለሁ፣ ቀለል ይለኛል።

መልስ፦ በአብዛኛው የሚያገሱት የጠጡትን ጋዝ ነው።

ጥያቄ፦ ግሳቴ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፣ ሰገራዬም ቀጥኗል።

መልስ፦ ጃርዲያ ሊሆን ስለሚችል ሰገራ ይመርመሩ። ተውሳኩ በየቀኑ ስለማይወጣ አንድ ምርመራ «ነጻ» ቢልዎት አይበቃም፤ በተለያዩ ቀናት 3 ናሙና ይስጡ። ለአዋቂ የተለመደው ሕክምና ቲኒዳዞል 2 ግራም ነው፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ 4 ፍሬ፣ ከምግብ ጋር በአንድ ጊዜ ይዋጣል። ከዚያ በኋላ 3 ቀን ጠላም ጠጅም ቢራም አይቅመሱ። እርጉዝ ከሆኑ አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ የማያስቆየው መቼ ነው?

መልስ፦ ሆድ ተነፍቶ ፈስም ሰገራም አልወጣ ካለ፣ ማስመለስና ቁርጠት ከተጨመረበት፣ አንጀት ተጠማዞ ሊሆን ይችላልና ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ክብደት መቀነስ፣ ደም ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ካለ ቀጠሮ አያራዝሙ። ዕድሜዋ ከ50 በላይ የሆነ ሴት ሆዷ በቅርቡ መነፋት ጀምሮ ካልተዋት የእንቁልጢዋን (የእንቁላል ማፍሪያዋን) አልትራሳውንድ ትታይ።